ፍርሃትና አጣብቂኝ፦ ስለ ግብረ ገብ መሠረታዊ ሐሳቦች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ግብረ ገብና ስለ ሥነ ምግባር መሠረታዊ ሐሳቦች እንድናገር የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ፣ አስቀድሞ ወደ ልቤ የመጣው መጽሐፍ አልነበረም፤ የወረቀት ቅጽ ነበር። ይህ ቅጽ በወጣትነቴ በጤና ረዳትነት ከሠራሁበት ከወግዲ በየወሩ መጨረሻ በበቅሎ ወደ መካነ ሰላም ይላክ የነበረ የሕሙማንና የሟቾች መግለጫ ነው። በ1976 ዓ.ም. ክረምት በዚያ ቅጽ ላይ የጻፍሁትንና ሳልጽፍ የተውሁትን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ምን እንደምንነጋገር በቃላቱ መስማማት ያሻናል።

ሀ. ስለ ቃላቱ

«ግብር» እና «ምግባር» የተባሉት ቃላት «ገብረ»፣ ማለትም «ሠራ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የተገኙ ናቸው። «ሥን» በግዕዝ ውበት ማለት ስለሆነ፣ «ሥነ ምግባር» ቃል በቃል ሲፈታ «የሥራ ውበት» ይሆናል። ግሪኮች «ኤቶስ»፣ ሮማውያን ደግሞ «ሞሬስ» ሲሉ ከልማድ ተነሥተው ነበር። የእኛ ቃል የተነሣው ከሥራ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰለን። ቃሉ ራሱ ሰው በሚናገረው ወይም በሚያምንበት ብቻ ሳይሆን በሠራው እንደሚመዘን ያስታውሰናል።

ዛሬ በተለመደው አነጋገር፣ ግብረ ገብ የምንለው አንድ ሕዝብ ደጉን ከክፉ ለይቶ የሚኖርበትን ሥርዓት ነው። ሥነ ምግባር የምንለው ደግሞ ያንን ሥርዓት በአእምሮ የሚመረምረውን ትምህርት፣ እንዲሁም ባለሙያዎች ለራሳቸው የሚደነግጉትን ደንብ ነው። ግብረ ገብ ከእናት ጓዳና ከአባት ማሳ ይቀሰማል፤ ሥነ ምግባር ግን «ለምን?» ብሎ ከመጠየቅ ይጀምራል።

የወሎ ሰው ግብረ ገቡን የሚገልጽባቸውን ቃላት ስመረምር አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጋብተው፣ ተዋልደው ይኖራሉ። ሰው ሲሞት ቅሬው ሃይማኖት ሳይለይ ይቆማል። አንዱ «ኀጢአት» የሚለውን ሌላው «ሐራም» ይለዋል። ነገር ግን «ነውር» ሲባል፣ «ግፍ» ሲባል፣ «አደራ» ሲባል ሁለቱም በአንድ ቃል ይናገራሉ፤ በአንድ ልብም ይፈራሉ። ነውር በሰው ፊት የሚያሳፍር ሥራ ነው። ግፍ አቅም በሌለው ላይ የሚፈጸምና ሳይከፈል የማይቀር በደል ነው። አደራ ደግሞ ሰጪው በሌለበት ሰዓት እንኳ የሚጠበቅ እምነት ነው።

ከእነዚህ ጋር ሁለት ቃላት ልጨምር። አንደኛው «ይሉኝታ» ነው። ይሉኝታ «ሰዎች ምን ይሉኛል?» የሚል ጥያቄ ነው። ኅሊና የሚጠይቀው ግን ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ይሉኝታ ብዙ ክፋትን ከልክሏልና አንናቀው። ሆኖም ተመልካቹ ራሱ ሲሳሳት፣ ወይም ዝምታ ሲያስመሰግን ይሉኝታ ይከዳናል። ሁለተኛው «ነግ በኔ» ነው። በሌላው ላይ የደረሰው ነገ በእኔ ሊደርስ ይችላልና በእኔ እንዲደረግ የማልሻውን በሌላው አላደርግም ማለት ነው። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው የሚሠራበት መመሪያ ለሁሉ ሕግ ሊሆን የሚችል መሆኑን እንዲመረምር ሲያስተምር፣ መንገዱ ሌላ ይሁን እንጂ ከዚህ ሐሳብ እጅግ አልራቀም።

ለ. አደራ የተሰጠ ጠመንጃ

አሁን ወደ ፈተናዎቹ እንለፍ። በሥራችን ላይ አስቸጋሪ ነገር በገጠመን ቁጥር «አጣብቂኝ ውስጥ ገባሁ» ማለት ለምደናል። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ ፈተና ሁሉ አጣብቂኝ አይደለም። ከፊሉ በጥንቃቄ ሲመዘን የሚፈታ ነው፤ ከፊሉ የአጣብቂኝ ልብስ የለበሰ ፍርሃት ነው፤ እውነተኛው አጣብቂኝ ጥቂት ነው። እነዚህን ሦስቱን መለየት የቻለ ባለሙያ የሥነ ምግባርን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በመጀመሪያው ዓይነት እንጀምር። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ አንድ ሰው ከጤነኛ ወዳጁ የጦር መሣሪያ ተረክቦ ሳለ፣ ወዳጁ አእምሮውን ስቶ መጥቶ ቢጠይቀው ይመልስለት ዘንድ ይገባልን? የሚል ጥያቄ በሶቅራጥስ አፍ ያነሣል። ይህን ለመረዳት ወደ አቴንስ መሄድ አያስፈልገንም። በዓባይ ገደል አፋፍ ባለ መንደር የሚኖር ገበሬ ጠመንጃውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ወደ ገበያ ይውረድ እንበል። በዚያው ምሽት የወንድሙን መገደል ሰምቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ «ጠመንጃዬን አምጣ!» ይላል። አደራ መብላት ነውር ነው። አውቆ ነፍስ ማስጠፋት ደግሞ ግፍ ነው።

ለጥቂት ጊዜ የሚያስጨንቅ ቢሆንም ይህ ፈተና ይፈታል። ያ ጎረቤት ጠመንጃውን ይሸሽጋል፤ ሽማግሌ ይጠራል፤ ደሙ በእርቅ እንዲደርቅ ይጥራል። ቁጣው ሲበርድም ንብረቱን ለባለቤቱ ይመልሳል። አደራው ዘገየ እንጂ አልተበላም። እዚህ ላይ የፈላስፎቹ መንገዶች ይገናኛሉ። የእንግሊዙ ሚል እንዳስተማረው ውጤቱን ብንመዝን ሕይወት ትበልጣለች። አርስጣጣሊስ እንዳለው ጠባይን ብናይ፣ አስተዋይ ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ «ጠመንጃው እኔ ዘንድ የለም» ብሎ ቢዋሽስ? ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ሰው ሊገድል ለሚፈልግ እንኳ መዋሸት እንደማይገባ ተከራክሯል። በእኔ አስተያየት በዚህ ላይ የወሎ ሽማግሌዎች ከካንት ጋር አይስማሙም፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ።

ሐ. የወግዲው ቅጽ

ሁለተኛው ዓይነት ፈተና አጣብቂኝ መስሎ ይታያል እንጂ አጣብቂኝ አይደለም። የዚህ ትልቁ ምሳሌ በራሳችን አገር ታሪክ ውስጥ ተጽፏል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበች። የሚበላ ያጣው ሕዝብ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ሆኖም ባለሥልጣኖች የአገር ስም እንዳይጠፋና የንጉሠ ነገሥቱ ክብር እንዳይነካ በሚል ሰበብ ነገሩን ሸፈኑት። በአገሪቱ ውስጥ የነበሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም እያወቁ ዝም ማለታቸው በኋላ ብርቱ ወቀሳ አስከትሎባቸዋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት የመላ አገሪቱ የምግብ ምርት እጅግ አልቀነሰም ነበር። የወሎ ገበሬ ምርቱን በማጣቱ ከሌላ ቦታ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም እንጂ። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። እንግዲህ እህል ነበረ፤ የጎደለው የመግዣ አቅምና የሚናገር ሰው ነው። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለሕዝብ አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ታየ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናጅቶ በመስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በአገራችን ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

«የአገር ክብር ወይስ እውነት?» የሚለው ጥያቄ በጊዜው እንደ ከባድ አጣብቂኝ ተቆጥሮ ነበር። አሁን ስንመዝነው ግን በአንዱ ሳሕን ላይ የሰው ነፍስ ነበረ፤ በሌላው ላይ የባለሥልጣኖች ወንበር ነበረ። ይህ አጣብቂኝ አይባልም።

ይህን በሌሎች ላይ መፍረድ ለእኔ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተራው የእኔ ሆነ።

በ1976 ዓ.ም. በያኔው ቦረና አውራጃ፣ በወግዲ በአንድ ክሊኒክ እሠራ ነበር። በልጉ ከሽፏል፤ በገበያ የእህሉ ዋጋ ሲንር የከብቱ ዋጋ ወርዷል። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የልጆቹ እግር አብጧል፤ ጠጉራቸው ሳስቷል። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሽ መንግሥታት አስቸኳይ ጥሪ አቅርቦ ነበር። ዳሩ ግን አገሪቱ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በመስከረም 1977 ለማክበር ትሰናዳ ስለነበር፣ ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ መናገር አይወደድም ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን መሄድ የተፈቀደላቸው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከእለታት አንድ ቀን አንድ የበላይ አለቃዬ ቅጹን እያገላበጠ «ቁጥር አታብዛ፤ ጊዜው የበዓል ጊዜ ነው» አለኝ። ዋሽ አላለኝም፤ አላስፈራራኝም። ቅጹ ላይ «የምግብ ጉድለት» የሚል ረድፍ ነበረው። ከዚያ ወር ጀምሮ ያንን ረድፍ ባዶ እተው ጀመር። የሞቱትን ሕፃናት ከፊሉን በ«ተቅማጥ»፣ ከፊሉን በ«ኩፍኝ»፣ ከፊሉን በ«ሳንባ ምች» ሥር መዘገብሁ። አንዱም ሐሰት አልነበረም፤ ሕፃናቱ በእርግጥ ተቅማጥና ኩፍኝ ነበረባቸው። ጠቅላላው ግን ሐሰት ነበር።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ያማረ ነበር። «እውነቱን ብጽፍ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩኛል፤ ክሊኒኩ ሰው አልባ ይሆናል፤ የሚጎዳው ሕዝቡ ነው» እያልሁ አስብ ነበር። «አጣብቂኝ ውስጥ ነኝ» አልሁ።

በነሐሴ ወር አንድ ሽማግሌ ገበሬ የአራት ዓመት ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ከቆላው ዳር ወጡ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ሽማግሌው ከቀብር በኋላ ተመልሰው በበራፉ ቆሙና «ልጄ፣ ልጁን ምን ገደለው ብለህ ጻፍህ?» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን መጻፌን አይተዋል።

«ተቅማጥ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «ተቅማጡስ ከምን መጣ?» ብለው ጠየቁ።

መልስ አልሰጠሁም። እርሳቸውም መልስ የሚጠብቁ አልመሰሉም፤ በትራቸውን ይዘው ሄዱ።

በጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢ.ቢ.ሲው ማይክል ቢዩርክና ፎቶግራፍ አንሺው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ፊልም ዓለምን አነቃ። ከዚያ በኋላ እኔም ባዶውን ረድፍ መሙላት ጀመርሁ። ያን ጊዜ ግን እውነትን መጻፍ ዋጋ አይጠይቅም ነበር።

የእኔ አንድ ቅጽ አንድ ኩንታል እህል ያስመጣ ነበር ብዬ አልመጻደቅም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «ሕዝቡ ያለ ሐኪም ይቀራል» ስል በሚዛኑ ላይ ያስቀመጥሁት የሕዝቡን ጉዳት መስሎኝ ነበር፤ ሲመረመር ግን ያስቀመጥሁት የራሴን መዛወር ነበር። ሌላ ጤና ረዳት ሊመደብ ይችል ነበር። ለሞቱት ሕፃናት ግን ከእኔ በቀር መስካሪ አልነበራቸውም።

መ. እውነተኛው አጣብቂኝ

ሦስተኛው ዓይነት አለ። በዚህኛው በሁለቱም ሳሕኖች ላይ የሌላ ሰው ሕይወት ይገኛል፤ የትኛውንም ብንመርጥ እጃችን ንጹሕ ሆኖ አይወጣም።

በ1977 ዓ.ም. ክሌር በርትሺንገር የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ በመቀሌ በቀይ መስቀል ሥር በሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። በየቀኑ በፊቷ ከሚሰለፉት እጅግ ብዙ ሕፃናት መካከል ጣቢያው ሊቀበል የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው። ማን እንደሚገባ የምትመርጠው እርሷ ነበረች። ምግቡን ለሁሉ ብታካፍል ማንንም አያድንም፤ ብትመርጥ ያልተመረጠው ይሞታል። እዚህ ላይ ፍርሃት የለም፤ የግል ጥቅም የለም። አጣብቂኝ ማለት ይህ ነው።

ሌላም ልጥቀስ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ተወሰደ፤ ከሁሉ የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ተወሰዱ፤ በመንገድና በሰፈራው ጣቢያ የሞቱትም ብዙ ናቸው። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ዕርዳታው ሰዎችን በግድ ለማስፈር መሣሪያ ሆኗል ብሎ በይፋ በመናገሩ በኅዳር 1978 ከአገር ተባረረ። ሌሎች ድርጅቶች ዝም ብለው መመገባቸውን ቀጠሉ። ማን ልክ ነበር? የተናገሩት ለተጋዙት መሰከሩ፤ ዝም ያሉት የተራቡትን አበሉ።

ምናልባት «ይህ ከ1965ቱ ዝምታ በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። በዚህ ይለያል፦ በ1965 እህል እንዳይመጣ የከለከለው ዝምታው ራሱ ነበር፤ ዝምታው ማንንም አላበላም። በ1978 ግን እህሉ በመግባት ላይ ነበር፤ በዝምታው ውስጥ የሚበላ ሕፃን ነበረ። ስለዚህ ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ንግግርም ሁሉ አንድ አይደለም።

ከእኛው ዘመን ደግሞ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ ባቆሙ ጊዜ የተከፈተውን ክርክር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጆቹን ማብላት ያልቻለ ሐኪም ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። በር ላይ የቆመው በሽተኛም ሌላ በር የለውም። በዚህ አዳራሽ በሁለቱም ወገን የቆማችሁ ስላላችሁ ለማናችሁም አልፈርድም። ነገር ግን ከዚህ ቀጥዬ የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ሁለቱም ወገን ራሱን እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።

ሠ. ሦስት ጥያቄዎች

ፈተና ሲገጥመን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በአንዱ ወገን ያለው ኪሳራ የእኔ ብቻ፣ በሌላው ወገን ያለው የሌላ ሰው ነፍስ ከሆነ፣ ግዴታዬ የታወቀ ነው፤ የጎደለኝ ድፍረት ነው። ይህን ስል ድፍረት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ፈሪ መሆን ሰዋዊ ነው፤ ፍርሃትን አጣብቂኝ ብሎ መሰየም ግን ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፦ ምክንያቴን በሚጎዳው ሰው ፊት ቆሜ ልናገረው እችላለሁን? እኔ ለአለቃዬ መናገር እችል ነበር፤ ለጓደኛዬም መናገር እችል ነበር። ለእነዚያ ሽማግሌ ግን መናገር አልቻልሁም። ይሉኝታ የሚመለከተው ወደ አለቃና ወደ ጓደኛ ነው፤ ኅሊና የሚመለከተው ወደ ሽማግሌው ነው።

ሦስተኛ፦ ከመረጥሁ በኋላ ለማን ባለዕዳ ነኝ? በእውነተኛው አጣብቂኝ ውስጥ ትክክል የመረጠ ሰው እንኳ ዕዳ ይቀርበታል። ጠመንጃውን የሸሸገው ጎረቤት ጠመንጃውን መመለስ አለበት። ያቺ ነርስም የተዉአቸውን ሕፃናት መርሳት አልቻለችም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገራችን ተመልሳ የልጆችን ትምህርት የሚረዳ ሥራ ስትደግፍ ኖራለች። ዕዳ የማይሰማው ሰው፣ አጣብቂኝ ውስጥ አልነበረም ወይም ኅሊናው ደንድኗል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ መግለጫ በበቅሎ አይሄድም፤ በኮምፒዩተር በደቂቃ ይደርሳል። ቅጹ ረዝሟል፤ ረድፉ በዝቷል። ነገር ግን «ቁጥር አታብዛ» የሚል አለቃ፣ ወይም ዕቅድ ተሳክቷል ለማለት «ቁጥር አብዛ» የሚል አለቃ አሁንም አይጠፋም። ባዶ ረድፍ በማንኛውም ቅጽ ላይ ይገኛል። ያንን ረድፍ ስትደርሱበት ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት፣ ማንበብ የማይችል አባት በበራፋችሁ ቆሞ «ምን ብለህ ጻፍህ? ምን ብለሽ ጻፍሽ?» እንደሚላችሁ አስቡ።

እኔ ለዚያ አባት መልስ ሳልሰጥ አርባ ዓመት አለፈኝ። ልጃቸውን የገደለው ረሃብ ነው። ይህን በእናንተ ፊት ማለቴ ዕዳዬን አይከፍልልኝም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ በባዶ ረድፍ ውስጥ ተሰውሮ አይቀርም።